የሲቲ አራስ ቤት ምድጃ

ቆቦ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙህሲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላህ። የእናቴ ወንድም፣ ከእሷ በኋላ የቀሩልኝ ጥላዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ሳዑዲ፣ አብሀ ተራራ ላይ ብርዱ ጀመረ ይባላል፤ አላህ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርዎ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ማሽላው ዘንድሮ እሸቱ ከብዶት አንገቱን ደፍቷል፣ ወፍ ጠባቂ ሁሉ ከማማው አልወረደም። ኔትወርክ ግን የለም፤ ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሳይፈልግ ዝም ይላል። ይህን ወረቀት ካሊድ፣ የደሴን ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ደሴ ሲደርስ ይልክልዎታል፤ የእርስዎንም በዚያው ያመጣልኛል። በድምፅ ቢልኩልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ድምፅዎን ከሰማሁ ዓመት አልፎኛል፤ አንቱ ሁልጊዜ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚልኩት።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ባለቤቴ ሲቲ ነፍሰ ጡር ናት። ያ የፊተኛው በአምስት ወሩ መውረዱን ያውቃሉ፤ በዚያ ምክንያት እስካሁን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ሰባት ወሯን ጨርሳለች፣ ከዚህ በላይ ሊደበቅ አይችልም። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል ተብሎ ዞብል ተራራ ልትወጣ ነው። እናቷን እማ ሳሊሀን ያውቋቸዋል፤ እሳቸው ያሉት አይታጠፍም። ወጉ ነው፣ እኔም አልቃወምም።

የምፈራው ሌላ ነው። ሲቲ አስም አለባት። እዚህ ቆቦ ሜዳው ላይ ሙቀት ነው፣ እንደምንም ትተነፍሳለች። ዞብል ግን በኅዳርና በታኅሣሥ እሳት ሳይነድ አይታደርም። የሲቲ አባት፣ አላህ ይርሀማቸውና፣ ግድግዳው ውስጥ የሠሩት የድንጋይ ማንደጃ አለ፤ ጭሱ ወደ ውጭ መውጣቱ ቀርቶ ወደ ቤት ነው የሚመለሰው። አራስ ቤት ደግሞ ተዘግቶ ነው የሚከረመው። እሷ እዚያ ውስጥ ከጨቅላ ጋር ጭስ ስትስብ ሳስበው ሌሊት ተነስቼ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ስለዚህ ለዚያ ማንደጃ ልክ የሆነ የብረት ምድጃ ሠርቼ ግድግዳው ውስጥ ላስገባ ነው፤ በር ያለው፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ደጅ የሚያወጣ። ብየዳው አያስቸግረኝም፣ እንጀራዬ ነው። ጥያቄዬ ከላይ ምን ልቀባው የሚለው ነው። እሳት የማይበላው፣ ዝገት የማይደፍረው፣ ለዓመታት የሚቆይ። እማ ሳሊሀ «እንደ ስኒ የሚያብረቀርቅ ይሁንልኝ» ብለዋል። እዚህ የሚገኘው የጋራዥ ዱኮ አለ፣ የመስኮት ፍርግርግ የምንቀባው ብርማ ቀለም አለ፣ ደግሞ ጭራሽ ቀለም የማይፈልግ ጋልቫናይዝድ ላሜራ አለ። ልቤ ወደ ላሜራው አድልቷል፤ ያብረቀርቃል፣ አይዝግም፣ ለአማቴም ይመቻል። አንቱ የዚያን አገር ሀብታም የእንግዳ ቤት ማንደጃ ሲሠሩ ስንት ዘመን ኖረዋል፤ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

ቶሎ ይጻፉልኝ። ፈርቻለሁ አጎቴ፤ ለሌላ ሰው ይህን አልናገርም።

የእህትዎ ልጅ
እንድሪስ


አብሀ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለእንድሪስ፤

ወዐለይኩሙሰላም። የላክኸው ሰላምታ ደርሶኛል፣ እጥፍ ሆኖ ይመለስልህ። ሲቲን አላህ በሰላም ያገላግላት፤ ሁለት ነፍስ ሆና እንደወጣች ሁለት ነፍስ ሆና ትውረድልህ። ደብዳቤህን ለሥራ ስወጣ ነው ያየሁት፣ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጋልቫናይዝዱን ተወው። እናትህ ዘይነባ እንኳንም ይህን አልሰማች፤ ወንድሜ ምን አስተምሮታል ትለኝ ነበር። ያ የሚያብረቀርቀው ልባስ እሳት ሲያገኘው ተንኖ ነጭ ጭስ ይሆናል። የሳበው ሰው ወባ እንደያዘው ይንቀጠቀጣል። ገና ስትበይደው አንተኑ ይጥልሃል። ዱኮውም ለመኪና ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ተልጦ ይረግፋል፤ ሽታውም ሰፈር ያስለቅቃል። ብርማው ደግሞ መስኮትህን ያሳምርልህ፣ ከእሳት ጋር አይስማማም።

ወፈር ያለ ጥቁር ላሜራ ውሰድ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው። ነጭ ጨርቅ ቲነር ነክረህ ጥረገው፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ አታቁም። ካሊድን የከባድ መኪና ማርሚታ፣ ያ የጭስ ማውጫው፣ የሚቀባበትን ጥቁር ቀለም ከደሴ አምጣልኝ በለው። እሳት የሚችለው እሱ ነው። ስስ አድርገህ ቀባው፣ ሲደርቅ ሌላ ስስ ድገምበት። አወፍራለሁ ካልክ ያብጣል። ከሥሩ እንደለመድከው የዝገት መከላከያውን አንቲሩጂን እንዳታደርግ፤ እሱ ተቃጥሎ የላዩንም ይዞት ይወርዳል። ውስጡን፣ እሳቱ የሚቀመጥበትን፣ ባዶውን ተወው። ሳሊሀ እንደ ስኒ ያብረቅርቅ ካለች ጥቁር ነው በላት። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ትቆጣለች፣ ከዚያ ትለምደዋለች።

አሁን ዋናውን ስማ። ይህ ቀለም ሲነኩት የደረቀ ይመስላል እንጂ ገና ጥሬ ነው። የሚበስለው በእሳት ነው። ሦስት ጊዜ ታነድበታለህ፤ መጀመሪያ በትንሹ፣ ቀጥሎ መጠነኛ፣ በመጨረሻ እንደ ልብህ። በየመሀሉ ጨርሶ ይቀዝቅዝ። ሦስቱንም ጊዜ ቀለሙ ይጨሳል፤ ያ ጭስ ደግሞ ከእንጨት ጭስ የባሰ ነው። በቱቦው አይወጣልህም፣ ከብረቱ ገላ ላይ ተነስቶ ወደ ቤት ነው የሚበተነው። ስለዚህ ሦስቱንም እዚያው ብየዳ ቤትህ ግቢ፣ ሜዳ ላይ ጨርሰህ ውሰደው። ከሦስት በኋላ ምንም የለበትም፣ ሕፃን አጠገቡ ቢተኛ አትስጋ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ። ክረምት በመጣ ቁጥር ብርዱን ፈርቶ በሩን ዘግቶ ሲቀባና ሲያነድ ኖረ። ዛሬ ደረጃ መውጣት አቅቶታል። በእሱ ያየሁትን ነው የምነግርህ።

ድምፅ ላክ ላልከው፣ በአንድ ክፍል ብዙ ሆነን ነው የምንኖረው፤ ሰው ይረበሻል። ጽሑፍ ይሻለኛል።

አጎትህ ሙህሲን


ቆቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ ከማሽላው ማሳ መሀል ይድረስዎ፤ አጨዳ ላይ ነን። አላህ ጤናዎን ያብዛው፣ እጅዎን ይባርከው።

መንገዱ ተዘግቶ ካሊድ ወልድያ ላይ ስለከረመ ደብዳቤዎ ዘግይቶ ነው የገባልኝ። ቢሆንም ያሉኝን አድርጌያለሁ። ጥቁር ላሜራ፣ ሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቲነር፣ የማርሚታ ቀለም፤ አንድም አልዘለልኩም። ሲያልቅ እኔው ራሴ ቆሜ ሳየው ነበር፤ እንደ ከሰል ጥቁር፣ ለስላሳ። ቱቦውም ልክ ሆኖ ገባ። የመጀመሪያዋን ትንሽ እሳት ግቢ ውስጥ አነደድኩ። እውነትዎን ነው፣ ጨሰ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው አለፉ።

ሁለተኛውን ለማንደድ እንጨት ስሰበስብ ተኩስ ተሰማ። ከየት እንደሆነ አላውቅም። ሰው ሁሉ እየዘጋ ሮጠ፣ እኔም ዘግቼ ገባሁ። በማግስቱ አራጌ፣ ባለግመሉ፣ «ዛሬ ወደ ዞብል እወጣለሁ፣ ከዛሬ በኋላ ግን መቼ እንደምወጣ አላውቅም» አለኝ። ሲቲ ቀደም ብላ ወጥታለች፣ ብርዱም ገብቷል። ምን ላድርግ? ግመል ላይ ጭነን ይዘነው ወጣን።

እማ ሳሊሀ ምድጃውን ዞረው ዞረው አዩትና «ይህን ለአራስ ነው ያመጣኸው ለለቅሶ?» አሉኝ። ሲቲ ሳቀች። ስትስቅ ትንፋሿ ይቆራረጣል፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ ግን ሆዴ አልሳቀም። ግድግዳው ውስጥ አስገብቼ ዙሪያውን በጭቃ መረግሁት። ከዚያ ለእማ ሳሊሀ ሁለት እሳት እንደቀረው፣ ሲያነዱ በሩንም መስኮቱንም ከፍተው፣ ሲቲን ጎረቤት ልከው እንዲሆን ነገርኳቸው። «ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ። ጭቃው ሳይደርቅ እሳት አይነድበትም፣ ማሽላው ደግሞ ሊረግፍብኝ ስለሆነ ወርጄ መጣሁ።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ። ስወጣ ዘወር ብዬ ሳይ መስኮቱ በአሮጌ ጋቢ ተወትፏል። ምነው ስላቸው «አራስ ሊገባበት ነው፤ ቤቱ ካሁኑ ሙቀት ይያዝ» አሉኝ። አማት ናቸው አጎቴ። ከዚያ በላይ ምን እላለሁ? ቀና ብዬ እንኳ አላየኋቸውም።

ያቺ ያነደድኳት አንዷ እሳት ትበቃ ይሆን? ቀለሙ ጠንክሯል፣ በጥፍሬ ብጭረው አይለቅም። ትበቃለች ብለው ቢጽፉልኝ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እንድሪስ


አብሀ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንድሪስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን፣ ሰላም ለቤትህ።

አትበቃም። ትንሿ እሳት የላይኛውን ቆዳ ብቻ ነው የምታደርቀው። የከፋው የሚወጣው በሁለተኛውና በሦስተኛው ነው፣ ከሁሉ በላይ በትልቁ እሳት። በጥፍርህ አትመዝነው፤ ጥፍር ይህን አያውቅም።

ሳሊሀ ሰምቻለሁ ብላሃለች። አገሬን አውቃለሁ ልጄ። ሲቲን ጎረቤት ላኪ ያልካትን ታደርገዋለች። መስኮት ክፈቺ ያልካትን ግን አታደርገውም። እኛ ዘንድ አራስ የሚገባበት ቤት አይከፈትም፤ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፣ ብርድ ይመታታል፣ ምች ያገኛታል ይባላል። ዘግታ ነው የምታነደው። ሽታው ቁርበቱ ውስጥ፣ ጋቢው ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ምጥ ሲመጣ ትልቁ እሳት ይነዳል፣ አስም ያለባት ሴት እዚያ ውስጥ ተኝታ። ይኼ ነው እኔን ያስፈራኝ፤ ከጻፍክልኝ ጀምሮ እጄ ሥራ አልይዝ ብሎኛል።

ማሽላው ይርገፍ። ዛሬውኑ ውጣ። በአንተ አፍ አልሆን ካለ ይቺን ለሳሊሀ አንብብላት፤

«ሳሊሀ፣ ሙህሲን ነኝ፣ የዘይነባ ወንድም። ልጅሽን ብርድ እንዳይመታት መፍራትሽን አውቃለሁ። ብርድ የመታው ሰው ታሽቶ፣ ሞቆ፣ ይነሳል። ይህ ጭስ የገባበት ሳንባ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ብር ቢከፍሉ፣ ቢለምኑ፣ አይሆንም። መስኮቱን ክፈቺው። የዞብል ብርድ ይግባ።»

ስትደርስ አንዲት ቃል ላክልኝ። ደረስኩ በለኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

ሙህሲን


አብሀ፣ ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ እንድሪስ፤

ሰላም ይሁንልህ። የላክሁት ደብዳቤ ካሊድ ስልክ ላይ አልገባም፤ እስካሁን አንድ ምልክት ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኩን አወጣለሁ፣ አያለሁ፣ እመልሳለሁ። ያው አንድ ናት።

መቼ እንደምታነበው አላውቅም። እሳቱ ነዶ ከሆነ እሱን በማጥፋት ጊዜ አትፍጅ። ሰውን አውጣ። ከነአልጋዋ አውጣት። ወንድ አይገባም ቢሉህም፣ አማትህ ብትረግምህም አውጣት። እርግማኑን እኔ እቀበላለሁ።

ሙህሲን


ዞብል፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሙህሲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። በሕይወት አሉልን። ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ይህን ይወቁ፤ ሲቲም አለች፣ ልጅም አለች። ሴት ናት።

ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ነው ያነበብኳቸው። ካሊድ መንገድ ተከፍቶለት ጠዋት ቆቦ ሲገባ ማሳ ድረስ ስልኩን ይዞልኝ መጣ። «የዞብል ብርድ ይግባ» የሚለው ላይ ስደርስ ማጭዴን የት እንደጣልኩት አላውቅም። ለእማ ሳሊሀ የጻፉትን በሲጋራ ወረቀት ላይ ገልብጬ ሮጥኩ። ግማሽ መንገድ ላይ አራጌን አገኘሁት፤ እኔን ሊጠራ ነበር የሚወርደው። «ምጥ ይዟታል፣ ጠንቶባታል» አለኝ። አልፌው ሽቅብ ሮጥኩ።

ከሩቅ ቱቦው ሲጨስ አየሁት። እኔ የበየድኩት ቱቦ ቀጥ ብሎ ይጨሳል፣ ያማረ ሥራ ነበር፤ እንደዚያ ቀን የገዛ እጄን የጠላሁበት ጊዜ የለም። ወንዶቹ ደጅ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ እንደተወተፈ ነው። አንቱ እንዳሉት ነው የሆነው፤ እማ ሳሊሀ ሁለተኛውን እሳት ሲቲን ጎረቤት ልከው አንድደውታል፣ ግን ዘግተው። ሙቀቱ እንዳይባክን ብለው። ሽታውን «የአዲስ ዕቃ ሽታ ነው» ብለው አለፉት። ምጡ ሲመጣ ሦስተኛውን፣ ትልቁን፣ እሷን አስተኝተው አነደዱት።

በሩን ደበደብኩ። ከውስጥ «ወንድ አይጠጋም፣ ሂድ» አሉኝ። ሂድ ያሉኝን ሴቶች ድምፅ እሰማለሁ፣ ሁሉም ይስላሉ። ከእነሱ ሥር የሲቲ ትንፋሽ ይሰማል። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ አጎቴ፤ በቀጭን ቱቦ አየር ሲጎተት ያለውን ፉጨት። ክፈቱ ብዬ ጮህኩ፣ ሰዎቹ አብዷል ብለው ክንዴን ያዙኝ። ተይዤ እንዳለሁ ወረቀቷን አውጥቼ አነበብኩ። ሳላቸው ስለዋጠው ደግሜ አነበብኩት። «ሳሊሀ፣ ሙህሲን ነኝ፣ የዘይነባ ወንድም።» ከውስጥ የእማ ሳሊሀ እግር ወደ መስኮቱ ሲመጣ ሰማሁ። «ይህ ጭስ የገባበት ሳንባ ግን እንደ ድሮው አይሆንም።» ይዘውኝ የነበሩት ሰዎች ለቀቁኝ።

ጨርሼ ቆምኩ። ከዚያ ያ አሮጌ ጋቢ ከመስኮቱ እየተገፋ ወጣና መሬት ወደቀ። ቀጥሎ መስኮቱ ራሱ ከነክፈፉ ተነቅሎ ወጣ፤ እማ ሳሊሀ በእጃቸው ነው የነቀሉት፣ መዳፋቸው እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው። በሩ ተከፈተ። ሲቲን ከነአልጋዋ አውጥተው አውድማው ላይ አስቀመጧት። ሴቶቹ ነጠላቸውንና ጋቢያቸውን አውልቀው በቁመታቸው ዙሪያዋን እንደ ግድግዳ ያዙ፣ እኛ ወንዶቹ ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን። ነፋስ ነበር፣ ፀሐይም ነበር። የምትስበውን መድኃኒት አፏ ላይ አደረጉላት። ፉጨቱ ቀስ እያለ ሲሰክን በጆሮዬ ተከተልኩት። እኔ ጀርባዬን እንደሰጠሁ ልጅ አለቀሰች። አራስ በጠራራ ሜዳ ላይ፣ በዞብል እንዲህ ታይቶ አያውቅም። ከእማ ሳሊሀ ሌላ የደፈረ ሰው ቢያደርገው ኖሮ እሳቸው ራሳቸው አይምሩትም ነበር።

አሁን ጎረቤት ቤት ናቸው። ምድጃውን በሩም መስኮቱም በተከፈተ ቤት እኔው ደጋግሜ አነደድኩት፤ አይሸትም። አማቴ ይነቀል ይላሉ፣ እኔ አንቱ የሚሉትን እጠብቃለሁ። ስሟንም ከእርስዎ እንጠብቃለን፤ ሰባተኛው ቀን ቢያልፍም ቢዘገይም እንጠብቃለን። እባክዎ ዱዓ አድርገው በድምፅ ይላኩልን። እማ ሳሊሀ «ያ ሰው ራሱ ይመርቃት» ብለዋል። ክፍሉ ውስጥ ሰው ይረበሻል ብለው አይለፉን፤ ለዚህች እንኳ ይረበሹ።

እንድሪስ


አብሀ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእንድሪስ፤

ሰላምና ረህመት በእናንተ ላይ ይውረድ። ደብዳቤህን ሳነብ የመጀመሪያው መስመር ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እስካነብ ድረስ ፀሐይ ጠለቀች። አልሐምዱሊላህ። ዓይኔ አልቅሷል፣ ላንተ ብዋሽ ምን ይጠቅመኛል።

ምድጃውን አትንቀል። ቀለሙ በስሏል፤ ካሁን በኋላ ለእናንተም ለልጅ ልጆቻችሁም ይቆያል። ሲያረጅ በጨርቅ ጥረጉት፣ ሌላ ቀለም እንዳትደርብበት። ሳሊሀ ጥቁሩን ትለምደዋለች ብዬህ ነበር። ያንን መስኮት ግን ቶሎ አትግጠሙት።

ስሟን ረህመት በሏት። ዱዓውን በድምፅ ልኬዋለሁ። አጥሯል፣ መሀሉም ላይ ይቆራረጣል፤ ስልኩ አሮጌ ስለሆነ ነው። እንዲህ በላቸው።

አጎትህ ሙህሲን


ዞብል፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቱ በድምፅዎ የላኩትን በረከት ረህመት ተቀብላለች፤ እኔም የእሷን ምስጋና እጽፍልዎታለሁ።

ድምፅዎን ከካሊድ ስልክ ወደ እኔ አዛውሬ ዞብል ይዤ ወጣሁ። ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹ፣ አራጌም ሳይቀር። ስልኩን እማ ሳሊሀ እግር ሥር በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀመጥነው፣ ድምፁ እንዲያስተጋባ። አንቱ «ያ አላህ፣ ይቺን ልጅ አሳድጋት» አሉ፣ ሰው «አሚን» አለ። «እናቷን ጤና ስጣት» አሉ፣ «አሚን» ተባለ። ከዚያ ዝም አሉ። ሰው የዱዓው ወግ መስሎት ለዝምታውም «አሚን» አለ። ደግሞ አንዲት ቃል አሉ፣ ደግሞ ቆሙ፣ ደግሞ «አሚን» ተባለ። ከዝምታው ውስጥ ግን የሆነ ነገር ይሰማ ነበር። በቀጭን ቱቦ አየር ሲጎተት።

ሲቲ ልጇን ከጡቷ ሳታነሳ ቀና አለች። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች። «የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም አሚን አላለም። የሚቆራረጠው ስልኩ አልነበረም አጎቴ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው አለ ብለው የጻፉልኝን ሰው አወቅነው። ደረጃ መውጣት ያቃተውን። ለምን ድምፅ እንደማይልኩልኝ፣ ስለዚያ ጭስ ያን ሁሉ ከየት እንዳወቁ፣ አሁን ገባኝ፤ ከገባኝ ጀምሮ ደግሞ ለሲቲ ፈርቼ የነበረውን ያህል ለእርስዎ እፈራለሁ። የመኖሪያ ወረቀት ስለሌለዎት ሐኪም ቤት እንደማይሄዱም ገባኝ። ይህን ሁሉ ሳይነግሩን የእኛን ቤት መስኮት አስከፈቱን።

ካሊድ እንደ እርስዎ ወረቀት ሳይኖራቸው እጃቸውን ለፖሊስ የሰጡ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ አገር እየተመለሱ ነው ይላል። እማ ሳሊሀ ሁሉም ከሄደ በኋላ ጠሩኝ። ቤታቸው ውስጥ ምድጃው ነዷል፣ መስኮቱ እንደተነቀለ ነው፤ ጎረቤት «ዝጊው፣ ብርድ ገባ» ሲላቸው ይቆጣሉ። መዳፋቸው ላይ ያለውን ጨርቅ እያዩ «ለሙህሲን ጻፍለት» አሉኝ። «የፈለገ ቢበርድ ሳንዘጋው እንጠብቀዋለን በለው።»

ይምጡ አጎቴ። እስኪመጡም ድረስ እዚያ ሲሠሩ በሩን ክፍት ያድርጉት።

የእህትዎ ልጅ እንድሪስ